አርጆን በ36 ፎቶ

ለዛሬ ከፍቅርና ከትዳር ጣጣ ትንሽ ዞር እንበልና መንገድ እንውጣ። ካሜራ ያላችሁ ካሜራችሁን፣ ስልክ ብቻ ያላችሁ ስልካችሁን ያዙ። የምንሄደው ወደ ወለጋ፣ ወደ አርጆ ነው። «አርጆ ደግሞ ምን አለ?» የምትሉኝ ካላችሁ ትንሽ ታገሱኝ።

በፀጉር ቤትና በሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉትን የውጭ አገር ካላንደሮች ታስታውሳላችሁ? አንዱ ገጽ ላይ ሁልጊዜ ጣሊያን አለች። ቱስካኒ የሚባለው አገር፣ ክብ ክብ ኮረብታ፣ በመስመር የተተከለ ወይን፣ ቀጥ ያለ ጽድ፣ ጫፉ ላይ አንድ የድንጋይ ቤት። ስንቶቻችን ፀጉራችንን እየተቆረጥን እዚያች ቤት ውስጥ ገብተን ኖረናል! ጣሊያኖቹ ወይናቸውን በመንደራቸው ስም ይጠሩታል። ኪያንቲ ማለት መጠጥ ብቻ አይደለም፣ አገር ነው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ፒዬሞንቴ በሚባለው ክፍለ ሀገራቸው ያለው የወይን ኮረብታ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። እርሻ ነው እኮ የተመዘገበው! ገበሬ የተከለው፣ ገበሬ የሚያርመው እርሻ።

ታዲያ እኔ የምላችሁ፣ ያ ካላንደር ላይ ያለው ውበት ግማሹ የአገሩ፣ ግማሹ ደግሞ የጠዋት ፀሐይ እስክትወጣ ብርድ ላይ ቆሞ የጠበቀው የፎቶ አንሺው ነው። እኛም ኮረብታ አለን። ወይን ባይኖረው ኑግ አለው፣ ማር አለው። የጠፋው ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ነው። ይህን ለማየት በጥቅምት 1991 ዓ.ም. አንድ ፔንታክስ ካሜራ ከወዳጄ ተውሼ፣ ባለ 36 አንድ ፊልም ገዝቼ ወደ አርጆ ወረድኩ። አንድ ፊልም ብቻ! ኪሴ የፈቀደው ያንን ነበር።

ጉደር በመስኮት

ከመርካቶ አውቶቡስ ተራ ገና ሳይነጋ ተሳፍረን ሆለታን፣ አዲስ ዓለምን፣ ጊንጪን አልፈን አምቦ ላይ ቁርስ ቀመስን። ከአምቦ ትንሽ እልፍ ሲሉ ጉደር ናት። በጠርሙስ ላይ ስሟን የምናውቃት ቀይ ወይን ጠጅ፣ ይቺው ጉደር ናት! አጠገቤ የተቀመጠ ጎረምሳ «በየሰርጉ ጠጥቻታለሁ፣ ከተማ መሆኗን ግን ዛሬ ነው ያወቅኩት» ብሎ አሳቀን። ከዚያ ጌዶን፣ ባኮን፣ ሲሬን እያልን ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ሲመሻሽ ነቀምቴ ገባን።

ነቀምቴ ራሷን የቻለች ወሬ ናት። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት እዚያ አለ። በሰኔ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች አጠገቧ ቦናያ ላይ አርፈው ሌሊቱን በጥቁር አንበሳ አርበኞች የተቃጠሉት፣ ጄኔራል ማሊዮኮም የተገደለው በዚያው ነው። ቡናዋም ቢሆን እንደ ኪያንቲ በአገሩ ስም ነው የሚጠራው። በዓለም የቡና ገበያ እስከ ዛሬ «ለቀምት» በሚለው የድሮ ስሟ ይሸጣል። እኔ ግን ፊልሜ 36 ብቻ ነውና ነቀምቴ ላይ ካሜራውን ከቦርሳው አላወጣሁም። በማግስቱ አንድ የአርጆ ተወላጅ የሆነ መምህር ወዳጄ ተቀብሎኝ ወደ ደቡብ በበደሌው አቅጣጫ ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄደን አርጆ አደርን።

ጉሙ እስኪገለጥ

አርጆ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። ብርዱ ቀልድ አይደለም! ከታች የደዴሳ ሸለቆ ተዘርግቷል። ወንዙ ቁልቁል ሄዶ ከዓባይ ይገናኛል። ቆላው ሙቀት፣ ደጋው ብርድ ነውና ጠዋት ላይ ሸለቆው ጉም ይሞላል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወዳጄ ቀሰቀሰኝ። ጋቢ ደርበን ወጣን። በጉሙ ላይ የኮረብታው አናት ብቻ ብቅ ብቅ ብሎ ይታያል። ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ጣቴ ቢያሳክከኝም ጠበቅኩ! 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን ፀሐይዋ በጎን መጣች፣ ጉሙ ቢጫ ሆነ፣ ከታች ያለው የዛፍ ጥላ እየረዘመ ወጣ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ… ዘጠኝ ጊዜ አነሳሁ። 27 ቀረኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትወጣው። ያን ጊዜ የሰው ዓይን ጉድጓድ ይመስላል፣ ኮረብታውም ጠፍጣፋ ይሆናል። ቆንጆ ፎቶ የሚገኘው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያም ከሰዓት በኋላ ከ10 ሰዓት ጀምሮ ነው። መሐሉን ብሉበት፣ ጠጡበት፣ ተጫወቱበት!

ጉሙ ሲገለጥ ኑጉ መጣ። እናንተዬ! የኑግ ማሳ በጥቅምትና በኅዳር ሲያብብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መስከረም ላይ አደይ አበባ አይተን «በቃ ቢጫው አለቀ» እንላለን። አላለቀም። ከኮረብታ ኮረብታ የተነጠፈ ቢጫ ነው፣ በመሐሉ የጤፍ አረንጓዴ፣ ጥግ ላይ የሣር ቤት። ቱስካኒ ምን አላት ከዚህ የሚበልጥ? እሷ ካላንደር አሠርታለች፣ እኛ አላሠራንም። ስምንት አነሳሁ። 19 ቀረ።

ሽቶ ተቀብታችሁ ቀፎ ጋ አትሂዱ

ኑግ ያለበት ንብ አለ። ንብ ያለበት ደግሞ በአርጆ ዙሪያ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ረጅም ክብ ቀፎ አለ። በኦሮምኛ «ጋጉራ» ይሉታል። የማር ቆረጣው ዋና ወቅት የክረምቱን አበባ ተከትሎ ጥቅምትና ኅዳር ነው። አንድ አባት ጭስ ይዘው ዛፍ ላይ ሊወጡ ሲሉ ደረስንባቸው።

ከሁሉ በፊት ሰላምታ ነው። «አካም ቡልተን» አልኩ፣ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ቀጥዬ ወዳጄ ያስጠናኝን «ሱራ ካሱ ነን ደንደአ?» ጣልኩ፣ ፎቶ ማንሳት እችላለሁ ወይ ነው። አነጋገሬ አስቋቸው ይሁን ወይ ደስ ብሏቸው፣ «ንብ ካልነደፈህ አንሳ!» አሉኝ። ከዚያ ምክራቸውን ደረደሩት። ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት አትቁም፣ መንገዳቸው ነው፣ ከኋላ ሁን። ጥቁር ልብስ አትልበስ። ሽቶ የሚባል ነገር አትቀባ። እኔ እንኳ አልተቀባሁም ነበር፤ እናንተን ግን አውቃችኋለሁ! ስድስት ፎቶ። 13 ቀረ።

ምሳችንን በወዳጄ ዘመዶች ቤት በላን። አንጮቴ ቀረበልን። ከመሬት የሚወጣ ሥር ነው፣ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ በቅቤና በበርበሬ ይበላል። «አጥንት ይጠግናል» ይሉታል ወለጎች፣ ለተሰበረና ለወለደች ይሰጣል። ወለጋ ሄዶ አንጮቴ ሳይቀምስ የተመለሰ ሰው፣ ሄድኩ ብሎ ባያወራ ይሻላል። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ከምሳ በኋላ ገበያውን ዞርኩት፤ ጥላ ጥላውን እየፈለግሁ አምስት ብቻ አነሳሁ። ልጆች «አንድ ብር! አንድ ብር!» እያሉ ተከተሉኝ። ለልጅ ሳንቲም አልበተንኩም። ከእናቶቻቸው ሸንኮራና ሎሚ ገዛሁና አብረን በላን። 8 ቀረኝ።

«ለማን ነው የምታነሳኝ?»

10 ሰዓት ሲሆን ወዳጄ ወደ አንዲት ጠጅ ቤት ወሰደኝ። በአካባቢው ቋንቋ ጠጅ «ዳዲ» ነው። ባለቤቷ አምሳዎቹን የተሻገሩ እናት ናቸው። ሁሉም «አዴ» ይላቸዋል፣ እኔም አዴ አልኳቸው። ጓሮ ገብተው ማር ከነሰፈፉ በውኃ እየበጠበጡ ነበር። እጃቸው እስከ ክርናቸው ማር ነው። ከበሩ የሚገባው ብርሃን ማሩ ላይ ሲያርፍ ወርቅ ይመስላል። የለበሱት አሮጌ ቀሚስ፣ ራሳቸው ላይ ሻሽ። እኔ ልቤ ቆመ። ከአዲስ አበባ የመጣሁት ለዚህ ነው አልኩ።

ጠየቅኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና በአማርኛ እንዲህ አሉኝ።

«ለማን ነው የምታነሳኝ?»

መልስ አጣሁ። ለማን ነው እንዴ? ለአልበሜ? ለጋዜጣ? ጓደኞቼ አይተው «አቤት ፎቶ!» እንዲሉኝ? ስቅለሰለስ እሳቸው ራሳቸው መለሱት።

«እንግዲያስ ለልጄ አንሳኝ» አሉ።

ልጃቸው ወታደር ነው። በግንቦት 1990 ዓ.ም. በባድመ ጦርነቱ ከተነሳ በኋላ ወደ ግንባር ከሄዱት አንዱ ነው። ሲሄድ የእናቱን ፎቶ ይዞ ሊሄድ ፈልጎ ነበር አሉ። በቤቱ ውስጥ የነበረው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው፣ ለቀበሌ መታወቂያ የተነሱት። እሱም መታወቂያው ላይ ተለጥፏል። ልጁ ሊልጠው ሲል «መታወቂያዬን ልታበላሽብኝ ነው?» ብለው ከለከሉት። ይህን ሲናገሩ እየሳቁ ነው፣ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ወገኖቼ፣ እስቲ አስቡት። በአገራችን ፎቶግራፍ ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው፣ ልጆቹም በዚያው ሙያ ተተክተዋል። የነገሥታቱና የመኳንንቱ ፎቶ ሞልቷል። የገጠር እናት ግን ብዙውን ጊዜ ፎቶ የምትነሳው ቀበሌ ሲያዝዛት ነው። ለዚያውም ፊቷን አኮሳትራ!

አዴ «ቆይ» ብለው ገቡ። ሩብ ሰዓት ቆዩ። ብርሃኑ እየሸሸብኝ ነው፣ ማሩም እጃቸው ላይ የለም፣ ታጥቧል። ሲመለሱ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጭ ነጠላ አጣፍተዋል፣ ፀጉራቸው ተቀብቷል። ወንበር አስወጡና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ፈገግታ የለም።

እኔ የፈለግኩት ፎቶና እሳቸው የፈለጉት ፎቶ አንድ አይደለም። እኔ ማር የተቀባች ሠራተኛ እናት ፈለግሁ። እሳቸው ደግሞ ልጃቸው ለጓዶቹ «ይህቺ እናቴ ናት» ብሎ የሚያሳያትን የተከበረች ሴት ፈለጉ። የማን ፎቶ ነው? የእሳቸው ነው! ስለዚህ የእሳቸውን አስቀደምኩ።

እዚህም አንድ የሙያ ነገር ልጣል። ጠይም ፊትና ነጭ ነጠላ አንድ ላይ ሲሆኑ ካሜራ ይታለላል። ነጠላውን አይቶ «በቂ ብርሃን አለ» ይላል፣ ፊቱ ጨልሞ ይቀራል። ድሮም ቢሆን ፊልሙ የተሠራው ለእኛ ፊት ታስቦ አልነበረም። የፎቶ ማጠቢያ ቤቶች ቀለም የሚያስተካክሉበት ናሙና፣ «ሸርሊ ካርድ» የሚሉት፣ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ኮዳክ ቡናማ ቀለም በደንብ እንዲወጣ ፊልሙን ያሻሻለው ቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ የሚሠሩ ድርጅቶች ካማረሩ በኋላ ነው ይባላል። ለሰው ሳይሆን ለቸኮሌት! መፍትሔው ቀላል ነው። ሰውየውን ከፀሐይ አውጥታችሁ በር ላይ ጥላ ውስጥ አስቀምጡ፣ ቀረብ ብላችሁ ብርሃኑን ከፊቱ ላይ ለኩ። አዴን በራቸው ላይ አስቀምጬ ሦስት ጊዜ አነሳኋቸው። ለልጅ የሚላክ ፎቶ በአንድ አይታመንም።

ከሦስተኛው በኋላ «ጨረስክ?» አሉኝ። «ጨረስኩ» ስላቸው ትከሻቸው ወረደ፣ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፣ ወዲያው ወደ ማሩ ተመለሱ። የሐበሻ ቀሚሳቸውን እጅጌ ሰብስበው እጃቸውን ሲነክሩ ወዳጄ የሆነ ነገር አላቸው። አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ! በምልክት ጠየቅኳቸው፣ እጃቸውን አወናጨፉ፣ «አንሳ፣ ምን ታመጣለህ!» እንደማለት። ሁለት ጊዜ አነሳሁ። በሕይወቴ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ብርሌ ቀዱልኝ፤ ሒሳብ አልቀበል አሉኝ። የቀሩኝን ሦስቱን ፀሐይ ስትጠልቅ ኑጉ ላይ ጨረስኳቸው።

ፖስታው

አዲስ አበባ ተመልሼ ፊልሙን አሳጠብኩ። የአዴን ባለ ነጠላ ፎቶ ሁለት ቅጂ፣ አንድ ለእሳቸው፣ አንድ ለልጃቸው፣ የሳቁበትንም አንድ አሳትሜ በፖስታ ላክሁ። አድራሻው የወዳጄ ትምህርት ቤት ነው፣ የአዴ ትንሿ ልጅ የእሱ ተማሪ ናትና። ፎቶግራፍ ለማንሳት ከፊልም በፊት መያዝ ያለበት ደብተርና እስክሪብቶ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከወር በኋላ በልጅቱ የእጅ ጽሑፍ መልስ መጣ። «ጋሼ፣ ፎቶው ደርሶናል። እማዬ አፍንጫዬን ካሜራው ነው ያሳደገው ብላለች። አንዱን ለወንድሜ ልከናል። የሳቀችበትን ግን ወድዳዋለች፣ ለሰው ግን እንዳታሳይ ብላለች። እጇ ማር ነው፣ ጥርሷም ይታያል።»

አዎ! የቀኑ ምርጥ ፎቶ ለሰው አይታይም ተባልኩ። ብዙ ጊዜ ፈትኖኛል። ጓደኞቼ «የአርጆውን አሳየን» ሲሉኝ ጉሙንና ኑጉን አሳያቸዋለሁ። ያኛው በፖስታው ውስጥ አለ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አላሳየሁትም። ያነሳሁት እኔ ብሆንም ፊቱ የእሳቸው ነው።

ጦርነቱ በሰኔ 1992 ዓ.ም. ተኩስ ቆመ። በ1993 ዓ.ም. ወዳጄ ደወለልኝ። ልጁ ተመልሷል። የእናቱም ፎቶ አብሮት ተመልሷል፣ አራት ቦታ ታጥፎ፣ ጠርዙ ተበልቶ። አዴ «አዲሱን አይደለም፣ ይሄን ነው የምሰቅለው» ብለው የታጠፈውን ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል አለኝ።

እናንተስ?

ዛሬ ፊልም መቁጠር ቀርቷል። በኪሳችሁ ያለው ስልክ በአንድ ጠዋት አራት መቶ ፎቶ ያነሳል። አርጆም ተለውጣለች፣ ከታች ሸለቆው ውስጥ የአርጆ ደዴሳ ስኳር ፋብሪካ ተተክሏል። ያልተለወጠው የአዴ ጥያቄ ነው። «ለማን ነው የምታነሳኝ?» እንዲያውም በረታ። ያኔ ፎቶው ቢበዛ አልበም ውስጥ ይገባ ነበር፣ ዛሬ ማታውን አገር ምድሩ ያየዋል። በተለይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወለጋ ብዙ ሰው በግጭት ተጎድቷል፣ ከቤቱ ተፈናቅሏል። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድን ሰው ፊትና ሰፈሩን አደባባይ ማውጣት ጣጣው ለእናንተ ሳይሆን ለእሱ ነው።

ስለዚህ ለመንገደኞቼ ምክሬን ጠቅለል ላድርግላችሁ።

አንደኛ፣ ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሰላም እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። «አትምጡ» ካላችሁ ቅሩ፣ ኑጉ ለሚቀጥለው ዓመትም ያብባል።

ሁለተኛ፣ የአገሩን ሰላምታና «ፎቶ ላንሳ ወይ?» የሚለውን በአገሩ ቋንቋ አጥኑ። ሲፈቅዱላችሁ ደግሞ «ገለቶማ» በሉ፣ አመሰግናለሁ ነው። እምቢ ካሉም ፈገግ ብላችሁ እለፉ።

ሦስተኛ፣ መጀመሪያ እነሱ የሚፈልጉትን ፎቶ አንሱ። ልብሳቸውን ይቀይሩ፣ ፀጉራቸውን ያበጥሩ። የእናንተ ፎቶ ከዚያ በኋላ ይመጣል፣ ሰው ከተከበረ በኋላ ይዝናናልና።

አራተኛ፣ አድራሻ ሳትይዙ አትሂዱ። በስልክ መላክ ጥሩ ነው፣ ግን ስልክ ይሰበራል፣ ይጠፋል። አንድ ቅጂ በወረቀት አሳትማችሁ ላኩ። ወረቀት አራት ቦታ ታጥፎም ይመለሳል።

አምስተኛ፣ «አታሳይ» የተባላችሁትን አታሳዩ። ምርጡ ቢሆንም!

አበው «ብድር በምድር» ይላሉ። የሰው ፊት ወስዶ መመለስም ብድር ነው። ከአርጆ ኮረብታ ላይ ቆማችሁ የጠዋቱን ጉም ስታዩ እኔን አስታውሱኝ፣ ጋቢ መያዝም አትርሱ።

ቸር እንሰንብት!